ሴሎች በምን ተያይዘው ነው ገበር የሚሆኑት?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር ስለ ቆዳ ትንሽ ነካ አድርጌ ስላለፍኩ መሰለኝ በዚህ ወር የመጣው ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ነው የሚያርፈው፣ ቆዳም በሉት የአንጀት ውስጠኛ ሽፋንም በሉት የሴል ስብስብ ነው ከተባለ ሴሎቹ ለምን አይበተኑም ነው ነገሩ። ከመጀመሬ በፊት ግን አንዳንዶቻችሁ "ዶክተር" እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ፣ ዶክተር አይደለሁም፣ ብዙ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ሴል ሳሳድግ የኖርኩ ቴክኒሺያን ነኝ፣ ስለዚህ ሴል ሲጣበቅና ሲላቀቅ በአይኔ አይቻለሁ፣ መድሃኒት ግን አላዝም። ዓመተ ምህረቱ ደሞ በሙሉ የፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከሐዋሳ። መጽሐፋችን ኤፒተሊያል ቲሹ ማለት በጣም ተጠጋግተው የተደረደሩ ሴሎች ናቸው፣ በመሀላቸው ክፍተት የለም ይላል። እሺ ተጠጋጉ፣ ግን ምን ያያይዛቸዋል? ሙጫ አለ ወይ? መምህሬን ስጠይቀው ፈተና ላይ አይመጣም አለኝ።

መልስ፦ መምህርህ ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዛው ተብዬ ነው ያለፍኩት። አሁን ግን ፈተና ስለሌለብን ዘና ብለን እናውራው።

መጀመሪያ ሙጫ የሚለውን ከጭንቅላትህ አውጣው። ሙጫ በሁለት ነገር መሀል ይፈስና ይደርቃል፣ በቃ አለቀ፣ ሁለቱ ነገሮች ራሳቸው ምንም አይሰሩም። ሴሎች ግን የሚያያዙት በራሳቸው እጅ ነው። ከሴሉ ቆዳ ላይ ወጣ ያለ ፕሮቲን አለ፣ የጎረቤቱም እንደዛው፣ ሁለቱ ይጨባበጣሉ፣ ይሄ እጅ ደሞ ከላይ ብቻ የተለጠፈ እንዳይመስልህ ወደ ሴሉ ሆድ ገብቶ እዛ ካለ ገመድ ጋር ታስሯል። ስለዚህ አንዱን ሴል ስትጎትተው ጎረቤቱም የጎረቤቱም ጎረቤት ይሰማዋል።

ሴሎች ይሄን እጅ በራሳቸው እንደሚጠቀሙበት የታየበት አንድ የድሮ ሙከራ አለ፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። በ1907 ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ ከባህር ያወጣውን ስፖንጅ፣ የእቃ ማጠቢያውን ማለቴ አይደለም እንስሳውን፣ በስስ የሐር ጨርቅ ውስጥ ጨመቀው፣ ልክ ጠጅ በጨርቅ እንደምናጠለው በለው። ከጨርቁ ስር የወረደው ነጠላ ነጠላ ሴል የሞላበት ድፍርስ ውሃ ነው። ሴሎቹ ግን ሞተን ቀረን አላሉም፣ እየተሳቡ ተፈላለጉ፣ ጉብ ጉብ ሰሩ፣ ቀን ሲያልፍ ጉብታው ተመልሶ ስፖንጅ ሆነ። ቆይቶ በ1955 ታውንስና ሆልትፍሬተር የእንቁራሪትና የዘመዶቿን ፅንስ በትነው ሴሎቹን ቀላቀሏቸው፣ ቆዳ የሚሆኑት ሴሎች ራሳቸውን ለይተው ወደ ውጭ ወጥተው ሌላውን ከበቡት። ማንም ቦታህ እዚህ ነው አላላቸውም። ማንን መጨበጥ እንዳለባቸው ያውቃሉ ማለት ነው።

እጁ ምንድነው ለሚለው ደሞ መልሱ የመጣው በከፊል አንድ ሙከራ እምቢ ብሎ ነው። ማሳቶሺ ታኬይቺ የሚባል ጃፓናዊ ኪዮቶ ላይ በትሪፕሲን የበተናቸው ሴሎች መልሰው ይጣበቁለት ነበር፣ ትሪፕሲን ማለት ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ነው፣ አሜሪካ ባልቲሞር ሄዶ ያንኑ ሙከራ ሲሰራ ሴሎቹ አልጣበቅ አሉ። ግራ ገባው። ኋላ ሲያጣራ የባልቲሞሩ ትሪፕሲን ውስጥ ኢዲቲኤ የሚባል ነገር አለበት፣ ኢዲቲኤ ካልሲየም እየለቀመ የሚይዝ ኬሚካል ነው። ነገሩ ሲገለጥ ያያዣው ፕሮቲን ካልሲየም ሲኖር ቀጥ ብሎ ይቆማል ትሪፕሲንም አይደፍረውም፣ ካልሲየም ሲጠፋ ግን ይልፈሰፈስና ይቆረጣል። ይሄን ፕሮቲን በ1980ዎቹ ካድሄሪን አለው። ኤፒተሊየም ላይ፣ ማለትም መጽሐፍህ ያለው የተጠጋጋ የሴል ንጣፍ ላይ፣ የሚበዛው አይነት ኢ ካድሄሪን ይባላል፣ ስሙን ያዘው መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

እኔ ላብራቶሪ ስሰራ ይሄን በየሳምንቱ አየው ነበር። ኤምዲሲኬ የሚባል ሴል አለ፣ ማዲንና ዳርቢ የሚባሉ ሰዎች በ1958 ከአንዲት ኮከር ስፓኒየል ውሻ ኩላሊት ያወጡት፣ እስካሁን በየአለሙ ላብራቶሪ ይራባል። ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ጠርሙስ ስር ስታሳድገው በማይክሮስኮፕ ልክ ኮብልስቶን የተነጠፈ መንገድ ይመስላል፣ አንዱ ከአንዱ ጋር ግጥም ብሎ። ከዛ ማዛወር ሲኖርብህ የቆየውን ፈሳሽ ትደፋና ትሪፕሲን ከኢዲቲኤ ጋር ታፈስበታለህ፣ ማሞቂያው ውስጥ ትከተዋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ሌላው ሴል በ5 ደቂቃ ሲለቅ ይሄ ግትር ነው ሩብ ሰዓትም ሊያልፍ ይችላል፣ አውጥተህ ስታየው መጀመሪያ በኮብልስቶኑ መሀል ነጭ መስመር ይታይሃል፣ መስመሩ እየሰፋ ይሄዳል፣ ከዛ እያንዳንዱ ሴል ሽብሽብ ብሎ እንደ አተር ክብ ይሆንና ጠርሙሱን መታ ስታደርገው ተነቅሎ ይንሳፈፋል። አዲስ ጠርሙስ ውስጥ ካልሲየም ካለው ምግብ ጋር ስታስገባው ያው አተር ይጠፈጠፋል፣ እግሩን ዘርግቶ ይዳስሳል፣ ጎረቤት ሲያገኝ ይቆማል።

ታዲያ መንገዱ ሞልቶ ከተነጠፈ በኋላ ሌላ ነገር ይመጣል። እዚህም እዚያም ንጣፉ ከስር ተነስቶ ትንንሽ ጉልላት ይሰራል። የመጀመሪያ ቀን ሳየው ሴሉ ተበላሸ፣ ባክቴሪያ ገባበት ብዬ ልደፋው ስል አለቃዬ ነው እጄን የያዘችኝ። ጉልላቱ ውሃ ነው። የኩላሊት ሴል ስራው ፈሳሽ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው መግፋት ነው፣ ጠርሙስ ውስጥም ሆኖ ልማዱ አይለቀውም፣ ከላይ ያለውን ጨውና ውሃ ወደ ታች ይገፋል፣ የገፋው ውሃ በሴሎቹ መሀል ሾልኮ እንዳይመለስ መሀሉ ዝግ ነው፣ ስለዚህ ስሩ ተጠራቅሞ ንጣፉን እንደ ድንኳን ያነሳዋል። መሀሉ ክፍት ቢሆን ኖሮ ጉልላት የለም። እንግዲህ ክፍተት የለም የሚለውን የመጽሐፍህን አረፍተ ነገር ከፈለግክ እሱ ነው።

አሁን አያያዙን በየአይነቱ እንየው። ማሪሊን ፋርኳርና ጆርጅ ፓላዴ በ1963 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የአንጀትና የሌላም አካል ሴሎችን ጎን ሲያዩ መያያዣዎቹ ዝም ብለው የተበታተኑ ሳይሆኑ ከላይ ወደ ታች በተራ የተደረደሩ ሆነው አገኟቸው። ከሁሉም በላይ፣ ማለትም ምግቡ ወይ ሽንቱ ወይ አየሩ ወዳለበት ወገን ታይት ጃንክሽን የሚባለው አለ፣ የሁለቱ ሴሎች ቆዳ እዛ ጋ ተነካክቶ እንደተበየደ ላሜራ ይዘጋል፣ ዋናው ፕሮቲን ክላውዲን ነው፣ የጃፓኖቹ የቱኪታና የፉሩሴ ቡድን በ1998 ያገኘው፣ ስሙም ከላቲን መዝጋት ከሚለው ቃል ነው። ቀለል አድርገህ እንዳታየው፣ ክላውዲን 1 የሌላቸው የአይጥ ግልገሎች ተወልደው በአንድ ቀን ውስጥ ነው የሞቱት፣ በቆዳቸው ውሃቸው ወጥቶ አልቆ።

ከሱ ዝቅ ብሎ ካድሄሪኑ የሚጨባበጥበት ቀበቶ አለ፣ በውስጥ በኩል አክቲን ከሚባል ክር ጋር የታሰረ፣ ክሩ ደሞ እንደ ሱሪ ገመድ መጨማደድ ይችላል፣ ፅንስ ላይ ጠፍጣፋው የሴል ንጣፍ ተጠቅልሎ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር መነሻ የሆነውን ቱቦ የሚሰራው ይሄ ገመድ ከላይ በኩል ሲሸበብ ነው። ከዛ ዝቅ ብሎ ዴስሞሶም አለ፣ እሱ ቀበቶ ሳይሆን እዚህም እዚያም የተመታ የልብስ ቁልፍ ነው፣ ከውስጥ የሚይዘው ክር ኬራቲን ነው፣ ጸጉርና ጥፍር የተሰሩበት ማለት ነው። ቆዳ ሲጎተት የማይቀደደው በሱ ነው።

ሌላው ጋፕ ጃንክሽን ነው፣ ይሄ ከመያዝ ይልቅ ወሬ ማሳለፊያ ነው፣ ስድስት ስድስት ኮኔክሲን የሚባል ፕሮቲን ክብ ሰርተው ከዚህ ሴል፣ ስድስት ከዚያ ሴል፣ ሲገጥሙ ቱቦ ይሆናሉ፣ ትንንሽ ነገር ያልፍበታል። ኮኔክሲን 26 የተበላሸበት ልጅ መስማት ተስኖት ሊወለድ ይችላል፣ ጆሮ ውስጥ ፖታሲየም የሚዞረው በሱ በኩል ስለሆነ።

ከሴሎቹ ስር ደሞ ቤዝመንት ሜምብሬን የሚባል ስስ ምንጣፍ አለ፣ ኮላጅንና ላሚኒን ከሚባሉ ፕሮቲኖች የተሰራ፣ ሴሎቹ ራሳቸውም ከስሩ ያሉትም አዋጥተው ነው የሚሰሩት፣ እሱን በሌላ ፕሮቲን ይነክሱታል። ኤፒተሊየም ውስጥ የደም ስር የለም፣ ምግቡ ሁሉ ከዚህ ምንጣፍ ስር ነው ሰርጎ የሚመጣው፣ ለዛ ነው በጣም ስስ ጭረት ሲጭርህ የሚቆጠቁጥህ ግን ደም የማይወጣህ።

ልብስ ሰፊ ቤት ገበር የሚሉትን ታውቃለህ፣ ኮት ሲሰፋ ከውስጥ የሚገባው። የአንጀት ገበር፣ የሽንት ፊኛ ገበር፣ የሳንባ ገበር ብትል አትሳሳትም። ልዩነቱ የልብሱ ገበር አንድ ጨርቅ ሲሆን ይሄኛው ያለ ጨርቅ ስፌት ብቻ መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ ከቤይሩት ነው የምጽፍልህ ወንድሜ። ቀኑን ሙሉ ወለል ስፈትግ መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ አንዷ ጓደኛዬ በመርፌ ብጪው ትላለች ሌላዋ ተይው ትላለች። ውሃው ራሱ ከየት ነው የሚመጣው? ላብ ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ላብ አይደለም። ከላይ ዴስሞሶም ያልኩትን የሴሎች ቁልፍ አስቢው። የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነና ከስር ካለው ጋር በደንብ ስለተያዘ መጥረጊያው ላይኛውን ወደዚህ ሲጎትተው ታችኛው አልሄድም ይላል፣ መሀል ያሉት ሴሎች ይቀደዳሉ። የሚቀደደው በቆዳሽና በስጋሽ መሀል አይደለም፣ ኤፒተሊየሙ ራሱ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ የሚበዛበት ንብርብር ላይ። የተከፈተው ቦታ ባዶ አይቀርም፣ ከስር ካለው ቲሹ ውስጥ ፈሳሽ ሰርጎ ይሞላዋል፣ የደም ውሃ ነው በይው ፕሮቲኑ የቀነሰ። ከላይ ያለው ቆዳ ጣራ ሆኖ ያንን ይይዘዋል፣ ስሩ ያሉት ሴሎች በዛ እርጥብ ጣራ ስር ወዲያው መባዛት ይጀምራሉ፣ ብዙውን ጊዜ በ5 ቀን አካባቢ አዲስ ሽፋን ይሰራሉ።

ስለዚህ ተይው ካለችሽ ጓደኛሽ ጋር ነኝ። ጣራው የራስሽ ፕላስተር ነው፣ ከፋርማሲው ይሻላል። በራሱ ከፈነዳ ቆዳውን አትንጪው፣ በሳሙናና በውሃ አጥበሽ በንጹህ ነገር ሸፍኚው፣ በረኪና ግን እንዳይነካው፣ ጓንት አድርጊ። ቁስል አየር ይንካው ይድረቅ የሚለው የኛ ሰፈር ምክር እኔንም አሳድጎኛል፣ ግን ጆርጅ ዊንተር የሚባል ሰው በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ እንዳሳየው ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ላይ አዲሱ ሽፋን ቶሎ ይዘጋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ከቁስሉ ጠርዝ ያሉት ሴሎች እየተሳቡ ነው የሚሸፍኑት፣ ቅርፊት ከደረቀ እሱን ከስር እየቆፈሩ መሄድ አለባቸው፣ እርጥብ ከሆነ ይንሸራተታሉ። ከወዲህም ከወዲያም መጥተው መሀል ላይ ሲገናኙ ይቆማሉ፣ ይጨባበጣሉ። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ካለው፣ ካተኮሰሽ ግን ክሊኒክ ሂጂ፣ ቀጣሪሽ ቢያጉረመርምም።

ቁልፉ ያለ ፍትጊያም ሊፈታ ይችላል። ፔምፊገስ የሚባል በሽታ አለ፣ የራስ ሰውነት መከላከያ ዴስሞግሌይንን፣ ማለትም የቁልፉን አንዱን ጥርስ፣ እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃዋል፣ ብዙ ጊዜ አፍ ውስጥ ይጀምርና ቆዳ ላይ ይመጣል። ሕጻናት ላይ የሚወጣ ውሃ የሚቋጥር የባክቴሪያ ቁስልም አለ፣ ባክቴሪያው ያንኑ ፕሮቲን የሚቆርጥ መቀስ ይረጫል። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች እንኳ፣ ዳማከሴ ስንሸት የኖርንለት፣ ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ከሆነ ወደ ሴሉ የሚገባው ኔክቲን የሚባለውን መያያዣ ፕሮቲን እንደ በር እጀታ ይዞ ነው። እንግዲህ ሦስት የተለያየ በሽታ፣ ሦስቱም ስፌቱን ነው የሚነካካው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትንሹ ልጄ በተቅማጥ ሲያዝ የጤና ኤክስቴንሽኗ ኦአርኤስ ሰጠችን። ያው ውሃ አይደል፣ ለምን ዝም ብዬ ውሃ አላጠጣውም? እማማ ደግሞ ስኳርማ ተቅማጥ ያብሳል አሉ።

መልስ፦ እናቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የሕክምና ሰዎች ራሳቸው ይሄን ለማወቅ እስከ 1960ዎቹ ቆይተዋል።

የአንጀት ገበር አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ነው። አንድ! ይሄ አንድ ረድፍ ተዘርግቶ ቢለካ ከ30 ካሬ ሜትር ያላነሰ ነው። ውሃ በራሱ ፍላጎት አይሻገርም፣ ጨው ሲሻገር ነው ተከትሎ የሚሄደው። ኮሌራ የመሰለ ተቅማጥ ሲይዝ መርዙ ገበሩን አይቀደውም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ሴሎቹ በቦታቸው ናቸው፣ ስፌቱም አለ፣ የሆነው ነገር መርዙ የጨው መውጫውን በር ክፍት አድርጎ ያዘው። ጨው ወደ አንጀት ይፈሳል፣ ውሃ ይከተላል። ባዶ ውሃ ሲያጠጡት ልጁ ጨው ስለሌለው የሚጎትተው የለም፣ ገብቶ ይወጣል።

ግን በዛው ሴል ላይ መርዙ ያልነካው ሌላ በር አለ። ይሄ በር ከጨው ሁለት ሶዲየም፣ ከስኳር ደሞ አንድ ግሉኮስ አብረው ካልቀረቡ አይከፈትም፣ ሮበርት ክሬን የሚባል ሰው ነው በ1960 ይሄን ሀሳብ ያቀረበው። ጨው ብቻ፣ አይሆንም። ስኳር ብቻ፣ አይሆንም። ሁለቱ በልክ ሲመጡ ይከፈታል፣ ውሃ ተከትሎ ይገባል። ኦአርኤስ ማለት ጨውና ስኳር በልክ የተቀላቀለበት ዱቄት ነው፣ የዛ በር መክፈቻ። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም ሕንድ ውስጥ ባንጋኦን በሚባል የስደተኞች ሰፈር በደም ስር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀበትና ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጦ ለቤተሰብ እያደለ እናቶች ራሳቸው እንዲያጠጡ አደረገ፣ እዛ ሰፈር 30 በመቶ ግድም የነበረው ሞት በሱ እጅ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ።

እማማም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም ይንገሯቸው። ስኳር ሲበዛ እውነትም ያብሳል፣ ወፍራም ስኳር አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ውሃውን ከሰውነት ወደ ራሱ ይስባል፣ ለዛ ነው ለስላሳ መጠጥ አትስጡት የሚባለው። አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ፣ የፓኬቱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ልክ ይጠብቁ፣ ጠንከር እንዲልለት ብለው ውሃውን አይቀንሱ፣ በማንኪያ በማንኪያ፣ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቀው እንደገና። ዚንክ ከሰጠችዎት ተቅማጡ ቢቆምም ቀኑን ይጨርሱለት። ልጁ ከፈዘዘ፣ አይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካልቻለ፣ ደም ካየችሁ ጤና ጣቢያ፣ ያኔ ጽሑፍ አይነበብም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ። ቲክቶክ ላይ "አንጀትሽ ቀዳዳ ስላለው ነው የሚደክምሽ" እያሉ ዱቄት ይሸጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ያሉ እህቶች ሁሉ ገዝተዋል። እውነት አንጀት ይቀደዳል?

መልስ፦ ከእውነት ተቆርሶ የተጋገረ ነው። የትንሹ አንጀት ስፌት ድሮም ቢሆን እንደ ሽንት ፊኛ ድፍን አይደለም፣ ሆን ተብሎ ትንሽ የላላ ነው፣ ጨውና ውሃ በመሀሉም እንዲያልፍ፣ ክላውዲን ከ20 በላይ አይነት ያለው ለዛ ነው፣ አንዳንዱ ይዘጋል አንዳንዱ የተመረጠ ያሳልፋል። የስንዴ ፕሮቲን አንጀትን በሚያስቆጣበት በሴሊያክና አንጀትን በሚያቆስለው በክሮን በሽታ ይሄ ስፌት ከልክ በላይ እንደሚላላ ተለክቷል። ግን ከዛ ተነስቶ ድካምሽም፣ ራስ ምታትሽም፣ የባልሽ ኩርፊያም ከአንጀት ነው ማለት ሌላ ነገር ነው፣ ዱቄቱም ስፌቱን ሲሰፋ ያሳየ ሰው የለም። ደግሞ ያ ገበር በ3 እና በ5 ቀን መሀል ሙሉ በሙሉ በአዲስ ሴል ይተካል፣ ያለ ዱቄት። ድካሙ ከቆየ ደምሽን ተመርመሪ፣ የደም ማነስ ይሁን ታይሮይድ ይለይልሽ።

በነገራችን ላይ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠር ሴል ከአንጀት ሲራገፍ ቀዳዳ የማይፈጠረው ለምንድነው ብሎ አንድ ሌላ አንባቢ ጠይቆኛል፣ እዚሁ ልመልስለት። ሊወጣ የደረሰውን ሴል ዙሪያውን ያሉት ጎረቤቶች በአክቲን ገመዳቸው ቀለበት ሰርተው ከስር ይጨምቁታል፣ እሱ ወደ ላይ ሲወጣ እነሱ ከስሩ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ከመልቀቁ በፊት ቦታው ተዘግቷል።

ጥያቄ፦ ጨጓራ ስጋ ይፈጫል፣ እሱ ራሱ ስጋ ነው፣ ለምን ራሱን አይፈጭም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ላዩ ላይ ንፍጥ የመሰለ ወፍራም ዝልግልግ ነገር ስላለ፣ ሴሎቹ እዛ ውስጥ አሲዱን የሚያበርድ ባይካርቦኔት ስለሚረጩ፣ ስፌቱ ጥብቅ ስለሆነ፣ የተጎዳውም በቀናት ውስጥ ስለሚተካ። ይሄን አጥር የሚያፈርሱት ዋናዎቹ በርበሬና ቡና አይደሉም፣ ሄሊኮባክተር የሚባለው ባክቴሪያና እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው፣ ማስታገሻዎቹ ዝልግልጉን እንዲሰራ የሚያዘውን መልእክት ያቋርጡታል። ባክቴሪያው ጨጓራ እንደሚያሳምም ለማሳየት አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል በ1984 ራሱ ጠጥቶት ታመመ፣ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። በርበሬ ቁስል ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል፣ እሱን አልክድም፣ እኔም ስለማውቀው።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል፣ ከኔታንያ ነው። አክስቴ ጡቷ ላይ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ላይ "ሎቡላር፣ ኢ ካድሄሪን ኔጌቲቭ" ይላል። ሐኪሟ በዕብራይስጥ አስረድቷታል፣ እሷ ግን የገባት ኔጌቲቭ የሚለው ብቻ ነው፣ ኔጌቲቭ ከሆነማ ደህና ነኝ ማለት ነው እያለች ነው። ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ነው መንገር ያለብሽ፣ ይሄ ኔጌቲቭ ኮቪድ የለብሽም እንደሚባለው ኔጌቲቭ አይደለም። ለሐዋሳው ተማሪ ስሙን ያዘው ያልኩት ኢ ካድሄሪን፣ ያ መጨባበጫ እጅ፣ ሴሎቹ ላይ አልተገኘም ማለት ነው። ከካንሰር አብዛኛው የሚነሳው ከገበር ሴሎች ነው፣ ብዙው የጡት ካንሰር ሴሎቹ አሁንም እየተያያዙ ስለሚያድጉ ጉብታ ሆኖ በእጅ ይዳሰሳል፣ ሎቡላር የሚባለው ግን እጁን ስላጣ ሴሎቹ አንድ በአንድ ተሰልፈው በቲሹው መሀል ይሄዳሉ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ልክ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ለዛም ነው በማሞግራም፣ በጡት ራጅ ማለት ነው፣ በደንብ ላይታይ የሚችለውና አንዳንዴ ኤምአርአይ የሚጨመረው። ያ ቃል የካንሰሩን አይነት ነው የሚለየው፣ ምን ያህል ሄዷል የሚለውን አይናገርም፣ መድሃኒቱ የሚመረጥበት ሌላ መስመር እዛው ወረቀት ላይ አለ፣ ኤስትሮጅን ሪሴፕተር፣ ማለትም ሴሉ የሴት ሆርሞን የሚቀበልበት፣ የሚለውን ፈልጊው፣ ሎቡላር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቭ ነው፣ ያ ማለት ደሞ የሆርሞን ኪኒን ሊሰራላት ይችላል ማለት ነው።

በቤተሰባችሁ ውስጥ ሎቡላር የጡት ካንሰር ወይም በወጣትነት የመጣ የጨጓራ ካንሰር ካለ ለሐኪሙ ንገሪው፣ የኢ ካድሄሪን ጂን ሲዲኤች1 በዘር ተበላሽቶ ሊተላለፍ ይችላል፣ ይሄ መጀመሪያ የታወቀው በ1998 ኒውዚላንድ ውስጥ ባለ አንድ የማኦሪ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ቤተሰብ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲመጣላችሁ ቀድመሽ ጠይቂ፣ አንቺም አብረሻት ግቢ፣ ወረቀቱንም ይዘሽ።